እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ፦ ድንክ ሲክሊዶችን በጋራ አኳሪየም ውስጥ ስለማራባት

የተለያዩ ዓሣዎችን በአንድ አኳሪየም የሚያኖር ሰው አንድ ማለዳ መብራቱን ሲያበራ ያልጠበቀው ነገር ሊገጥመው ይችላል። እስከ ትናንት ድረስ በቅጠል ሥር ተሸሽጋ ትውል የነበረች፣ ርዝመቷ ከአራትና ከአምስት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ዓሣ፣ ሰውነቷ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ፣ በጎኗ ያለው ጥቁር ምልክት ጎልቶ፣ እጥፍ የሚበልጧትን ጎረቤቶቿን ወደ አንድ ጥግ እያሳደደች ትገኛለች። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዓሣዋ የታመመች ወይም ጠባይዋ የተበላሸ ይመስለውና ከገንዳው ሊያወጣት ይነሣል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በአንዲት ድንጋይ ሥር ወይም በጎኗ በተጋደመች የሸክላ ማሰሮ ጣሪያ ላይ ቀላ ያሉ ጥቃቅን እንቁላሎች ተለጥፈዋል፤ እናቲቱም ጥበቃ ላይ ናት።

ስለ ድንክ ሲክሊዶች እርባታ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች በስፋት ይሰማሉ። አንደኛው ሥራው የባለሙያ ብቻ ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው እንቁላሉ አንዴ ከተጣለ የቀረውን ወላጆቹ ይጨርሱታል የሚለው ነው። ጤናማ ጥንድ፣ ንጹሕ ውሃና መሸሸጊያ ከተገኘ እንቁላል መጣሉ ያን ያህል የሚያስቸግር አይደለም። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው፤ በተለይም ገንዳው ለእርባታ ብቻ የተለየ ሳይሆን ሌሎች ዓሣዎችም አብረው የሚኖሩበት የጋራ አኳሪየም ከሆነ።

ድንክ ሲክሊድ የሚባለው የትኛው ዓሣ ነው?

ሲክሊድ የአንድ ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ስም ነው። በሳይንስ የተመዘገቡት ዝርያዎቹ ከ1,700 የሚበልጡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚገኙት በአፍሪካ እንዲሁም በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች ነው። ቆሮሶ እያልን የምንጠራው ዓሣም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ከእነዚህ መካከል አድገው ሲጨርሱ ርዝመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የማያልፈው በአርቢዎች ዘንድ ድንክ ሲክሊዶች ይባላሉ። ስያሜው የአርቢዎች ልማድ እንጂ የሳይንስ ምድብ አይደለም።

በቤት አኳሪየም አዘውትረው የሚታዩት ሦስት ወገኖች ናቸው። አፒስቶግራማ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ወገን በርካታ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ካካቱኦይደስ፣ አጋሲዚና ቦሬሊ የተባሉት ለጀማሪ የሚመቹ ናቸው። ራም የሚባለው ዓሣ በቬኔዝዌላና በኮሎምቢያ ከሚገኘው የኦሪኖኮ ወንዝ ተፋሰስ ሜዳማ ስፍራዎች የመጣ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሦስተኛው ክሪቤንሲስ ወይም በአጭሩ ክሪብ የሚባለው፣ በናይጄሪያና በካሜሩን ወንዞች የሚኖረው አፍሪካዊ ዓሣ ነው። ሴቷ ክሪብ ለመራባት ስትዘጋጅ ሆዷ እንደ በሰለ ቼሪ ይቀላል፤ ለጀማሪ ከሦስቱም በላይ የምመክረው ይህንን ነው።

እንቁላላቸውን ጥለው የማይሄዱት ለምንድን ነው?

በጋራ አኳሪየም ውስጥ ከሚኖሩት ዓሣዎች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ቴትራዎች፣ እንቁላላቸውን በቅጠላ ቅጠል መካከል በትነው ይሄዳሉ፤ ካገኙት ደግሞ መልሰው ይበሉታል። አካሄዳቸው ዘሩን በሰፊው በትኖ ጥቂቱ እንዲበቅል ተስፋ እንደሚያደርግ ዘሪ ነው። ሲክሊድ ግን ጥቂት ችግኝ ተክሎ፣ ዙሪያውን አጥሮ፣ አጠገቡ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። የሚጥለው እንቁላል በአንጻሩ ጥቂት ነው፤ አንዲት አፒስቶግራማ በአንድ ጊዜ ከጥቂት ደርዘን እስከ መቶ ገደማ ትጥላለች፣ ክሪብና ራም ደግሞ ከዚያ ከፍ ሊሉ ይችላሉ። በብዛት ያጣውን በጥበቃ ያካክሳል።

የጥበቃው ዓይነት ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ልዩነቱንም አስቀድሞ ማወቅ ገንዳውን ለማደራጀት ይረዳል። ራም እንቁላሉን በገላጣ ቦታ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሰፊ ቅጠል ላይ ይጥላል፤ ወንዱና ሴቷም እየተፈራረቁ በክንፋቸው ያራግቡታል። ማራገቡ ለእንቁላሉ ኦክስጅን የያዘ ውሃ ለማድረስና ቆሻሻ እንዳይቀመጥበት ለማድረግ ነው። ክሪብ በዋሻ ውስጥ ይጥላል፤ እናት ውስጡን ስትይዝ አባት አካባቢውን ይጠብቃል። አፒስቶግራማም በዋሻ ጣሪያ ላይ ትለጥፋለች፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች ግን እንክብካቤው የእናቲቱ ብቻ ነው። ወንዱ ሰፊ ይዞታ ይዞ ከሁለትና ከሦስት ሴቶች ጋር ይኖራል። በጠባብ ገንዳ ውስጥ እንቁላሏን የምትጠብቅ እናት የራሷን ወንድ እንደ ባዕድ ቆጥራ ታሳድደዋለች፤ ሸሽቶ የሚሄድበት ስፍራ ካጣ እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ የዋሻው በር ሴቷን ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ቢሆን ይመረጣል። የኮኮናት ቅርፊት ግማሽ ወይም ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ለዚህ በቂ ነው። ለእያንዳንዷ ሴት ቢያንስ ሁለት ዋሻ ይዘጋጅላት፤ አንዱ ከሌላው እንዳይታይም በመካከላቸው እንጨት ወይም ጥቅጥቅ ያለ ተክል ይግባ። ሲክሊድ ድንበሩን የሚለካው በዓይኑ ነው። የማያየውን ጎረቤት አያሳድድም።

ውሃው ምን ዓይነት መሆን አለበት?

ከሁሉ በፊት ገንዳው የበሰለ መሆን አለበት። ዓሣዎች በሚያስወግዱት ቆሻሻ ውስጥ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ውህድ አለ። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ናይትራይት ወደሚባል፣ እሱም መርዛማ ወደሆነ ውህድ፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ በፊት ገንዳው፣ ውሃው የጠራ ቢመስልም፣ ቆሻሻ ማስወገጃ እንዳልተሠራለት ቤት ነው። አሞኒያና ናይትራይት በመመርመሪያ ሲለኩ ዜሮ ሳይሆኑ ራምን የመሰለ ስስ ዓሣ ማስገባት ዓሣውን ለሞት መስጠት ነው።

ቀጥሎ የሚመጡት ሦስቱ መለኪያዎች ሙቀት፣ ፒኤችና ጥንካሬ ናቸው። ፒኤች የውሃን አሲዳማነት የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን 7 መካከለኛው ነው፤ ከ7 በታች ያለው አሲዳማ፣ በላይ ያለው አልካላይን ይባላል። ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ አሲዳማነቱ የሚጨምረው አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ከ7 ወደ 6 መውረድ ትንሽ እርምጃ አይደለም። ጥንካሬ የሚባለው ደግሞ በውሃው የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ነው፤ ብዙ ሲሆን ውሃው ጠጣር፣ ጥቂት ሲሆን ለስላሳ ይባላል። ራምና ብዙዎቹ አፒስቶግራማዎች ለስላሳና ትንሽ አሲዳማ ውሃ የለመዱ ናቸው። በጠጣር ውሃ ለዓመታት ሊኖሩና እንቁላልም ሊጥሉ ይችላሉ፤ ሆኖም እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ሳይፈለፈል ነጭ ሆኖ ሻጋታ ይይዘዋል። ክሪብ፣ ካካቱኦይደስና ቦሬሊ በዚህ ረገድ ይበልጥ ቻይ ናቸው።

የውሃን ፒኤች በኬሚካል በአንድ ጊዜ ለማውረድ መሞከር ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል። በጠጣር ውሃ ውስጥ ያለው ካርቦኔት አሲድን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። አሲድ ሲጨመርበት ቁጥሩ ለጊዜው ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ ደጋግመው ሲጨምሩበት ግን ስፖንጁ ይሞላና ፒኤቹ በድንገት ያሽቆለቁላል። ዓሣን የሚገድለው ይህ መዋዠቅ ነው። ውሃውን ማለስለስ የፈለገ ሰው የቧንቧውን ውሃ ማዕድናቱ ከተጣሩለት ውሃ ጋር እየቀላቀለ ቀስ በቀስ ቢለውጠው ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ደግሞ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት በክሎሪን ማስወገጃ መታከም ይኖርበታል።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ለክሪብና ለብዙዎቹ አፒስቶግራማዎች ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል። ራም ሞቅ ያለውን፣ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ያለውን ይወዳል፤ የጎረቤቶቹም ምርጫ ይህን ሙቀት ከሚችሉት መካከል መሆን አለበት።

ሙቀትና ፒኤች የጫጩቶችን ጾታ ይወስናሉ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ በብዙ ድንክ ሲክሊዶች ላይ እውነት ነው። ሮመርና ባይሰንሄርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት በአፒስቶግራማ ዝርያዎች ላይ ሙቀት የወንድና የሴት ምጥጥንን እንደሚለውጥ አሳይተዋል፤ ውሃው ሲሞቅ የወንዶቹ ቁጥር ከፍ ይላል። በክሪብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የፒኤች ተጽዕኖ ነው፤ አሲዳማ በሆነ ውሃ ያደጉት ወደ ወንድነት ያመዝናሉ። ጾታቸው የሚለየው በሕይወታቸው መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት ስለሆነ በኋላ ውሃውን መለወጥ ምንም አያመጣም። ሁሉም ጫጩቶቹ ወንድ የሆኑበት አርቢ መጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው እንግዲህ ማሞቂያውንና የውሃውን ፒኤች ነው።

ሌሊት ምን ይሆናል?

ይህንን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም አስቀድሜ አልጠየቅሁትም። በቤቴ ያለ አንድ ጥንድ ራም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንቁላል ጥሎ ቀኑን ሙሉ ሲያራግብ ዋለ። በማግሥቱ ጠዋት ድንጋዩ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ልጆቻቸውን የሚበሉ መጥፎ ወላጆች ናቸው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ በአራተኛው ጊዜ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ደብዛዛ የእጅ ባትሪ ይዤ ከገንዳው ፊት ተቀመጥሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየሁ፣ አልጌ እንዲያጸዳልኝ ያስገባሁት አንሲስትረስ የሚባለው አምባዛ መሰል ዓሣ በመስታወቱ ላይ እየተሳበ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ወንዱ ራም በጨለማው ውስጥ አቅጣጫ እንደጠፋው ሁሉ በተሳሳተ ወገን ይዞር ነበር። አንሲስትረሱ በጠንካራ ቆዳው ላይ የሚደርስበትን ንክሻ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር ጠርጎ ሄደ። ወላጆቹ ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረባቸውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲክሊድ የቀን ዓሣ ነው፤ የሚጠብቀው በዓይኑ ስለሆነ ጨለማ ሲሆን ጥበቃው ይላላል። አምባዛ መሰል ዓሣዎች ግን በማሽተትና በመዳሰስ ምግብ የሚፈልጉ የሌሊት ዓሣዎች ናቸው። ኮሪዶራስ የሚባሉት ትናንሽ የወለል ዓሣዎችም እንቁላልና ገና መዋኘት ያልጀመረ ጫጩት ካገኙ ይበላሉ፤ በቀን ደግሞ የይዞታ ድንበር የሚባል ነገር ስለማይገባቸው እየተመላለሱ ይገባሉ፣ ከጠባቂዎቹም ክፉኛ ይነከሳሉ። ስለዚህ ጫጩት ማሳደግ የሚፈልግ ሰው የገንዳውን ወለል ለሲክሊዶቹ ብቻ ቢተው ለሁለቱም ወገን ርኅራኄ ነው። ብዙ አርቢዎች እንቁላል በተጣለባቸው ሌሊቶች ከገንዳው ራቅ ያለ ደብዛዛ መብራት ሳያጠፉ ያድራሉ፤ ወላጆቹ ጠላታቸውን ለማየት ይህ ይበቃቸዋል።

ታዲያ ጎረቤቶች ጭራሽ አያስፈልጉም ማለት ነው?

ያስፈልጋሉ። በላይኛውና በመካከለኛው የውሃ ክፍል የሚዋኙ ትናንሽ ሰላማዊ ዓሣዎች፣ ለምሳሌ የእርሳስ ዓሣ የሚባሉትና ትናንሽ ቴትራዎች፣ ለድንክ ሲክሊዶች የጸጥታ ምልክት ናቸው። በላያቸው ያለው መንጋ ተረጋግቶ ሲዋኝ ካዩ አካባቢው አዳኝ የሌለበት መሆኑን ተረድተው ከመሸሸጊያቸው ይወጣሉ፤ መንጋው ሲበረግግ እነሱም ይደበቃሉ። ብቻቸውን የተቀመጡ ጥንዶች አንዳንዴ ዓይናፋር ይሆናሉ፣ ወይም የሚያባርሩት ባዕድ ሲያጡ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

የሚያስፈልገው ስፋት ነው። ለአንድ ጥንድ ራም ወይም ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት አፒስቶግራማ ገንዳው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ ለክሪብ ወይም ከአንድ በላይ ሴት ላለው አፒስቶግራማ 80 ወይም 100 ቢሆን ይሻላል። እዚህ ላይ ከቁመት ይልቅ የወለሉ ስፋት ይበልጣል። ወለሉም ደቃቅ አሸዋ ቢሆን ዓሣዎቹ እንደ ተፈጥሯቸው በአፋቸው እየዘገኑ ሲያጣሩት ይውላሉ፤ ለጫጩቶቹም ጉድጓድ ይቆፍሩበታል።

ከእንቁላል እስከ ጫጩት ስንት ቀን ይወስዳል?

በተለመደው ሙቀት እንቁላሉ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። የሚወጣው ግን ገና ዓሣ አይመስልም፤ ትልቅ የአስኳል ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ጭራውን የሚያንቀጠቅጥ ክር ነው። በጭንቅላቱ ላይ ባሉ አጣባቂ ዕጢዎች ከድንጋዩ ወይም ከዋሻው ጋር ይያያዛል። እናቲቱ አደጋ የመጣ ከመሰላት በአፏ እየለቀመች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራቸዋለች፤ ይህን ያየ ጀማሪ ልጆቿን እየበላች ነው ብሎ መደንገጡ የተለመደ ነው። አስኳሉ እስኪያልቅ ምንም ምግብ አያስፈልጋቸውም። እንቁላሉ በተጣለ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ገደማ መዋኘት ይጀምራሉ።

ከዚህ በኋላ የሚታየው ነገር ሰዎች ይህን ዓሣ እንዲወዱት የሚያደርገው ነው። ጫጩቶቹ እንደ ጉም ተሰባስበው ከአሸዋው ጥቂት ከፍ ብለው ይጓዛሉ፣ እናት ከላያቸው ትሆናለች። አንድ ቴትራ ሲጠጋ ሰውነቷን ፈጠን አድርጋ ትነቀንቃለች፤ በዚያው ቅጽበት ጉሙ በሙሉ ወደ ወለል ይወርድና ጫጩቶቹ ከአሸዋው ጋር ተመሳስለው ይቀራሉ፣ ሰው ዓይኑን አተኩሮ እንኳ አንዷን አያገኝም። አደጋው ሲያልፍ በሌላ ምልክት ትጠራቸዋለች፣ ጉሙም መልሶ ይነሣል።

ጫጩቶቹ ምን ይበላሉ?

ከሁሉ የተሻለው የመጀመሪያ ምግብ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ነው። አርቴሚያ በጨዋማ ውሃ የሚኖር ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ሲሆን፣ እንቁላሉ ደርቆ በጣሳ ይሸጣል። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል ጨው ተሟሙቶ፣ በ27 ወይም በ28 ዲግሪ ሙቀት፣ በአየር መንፊያ ሳያቋርጥ ሲናወጥ በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። ከዚያ በደቃቅ ወንፊት ተጠልሎ፣ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ በመርፌ ሲሪንጅ ወይም በጠብታ መስጫ ቀስ ተብሎ በጫጩቶቹ አጠገብ ይለቀቃል። መመገባቸውን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ የበሉት ሆዳቸው ብርቱካናማ ይሆናል። የራም ጫጩቶች እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንፉዞሪያ የሚባሉ በዓይን የማይለዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሊያስፈልጓቸው ይችላሉ። በገንዳው ውስጥ ሞስ የሚባለው ተክልና ንጹሕ የደረቁ ቅጠሎች ካሉ እነዚህ ተሕዋስያን በላያቸው ስለሚራቡ፣ በምግብ ሰዓት መካከል ጫጩቶቹ ይለቅሙባቸዋል።

በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መመገብ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ይሻላል፤ የተረፈው በስብሶ አሞኒያ ይሆናልና። የገንዳው ማጣሪያ ጫጩት እንዳይስብ አፉ በስፖንጅ ይሸፈን። ውሃው ጥቂት ጥቂት፣ አንድ አሥረኛው ያህል፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለወጥ፤ የሚገባው ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን።

ወላጆቹ ራሳቸው ቢበሉትስ?

ይህም ያጋጥማል፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወልዱ ወጣት ጥንዶች ላይ። እንቁላሉ ሳይዳብር ሲቀር፣ ገንዳው አጠገብ ሰው ሲበዛ ወይም ጎረቤት ሲያስጨንቃቸው ይበሉታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግመው ስለሚጥሉ ሦስትና አራት ዙር መታገሥ ተገቢ ነው። ለራምና ለክሪብ፣ በሰው ምርጫ ከተጣመሩ ሁለት ዓሣዎች ይልቅ፣ አምስት ወይም ስድስት ወጣቶች አብረው አድገው ራሳቸው ተመራርጠው የተጣመሩት የተሻሉ ወላጆች ይሆናሉ። ጥንዱ ከተለየ በኋላ የቀሩት ሌላ ገንዳ ይፈለግላቸው።

ሲያድጉ የት ይሄዳሉ?

በጋራ አኳሪየም ውስጥ ከመቶ ጫጩት አሥር ቢተርፍ መልካም ውጤት ነው ብዬ እቀበላለሁ። ብዙ ለማሳደግ የሚሻ ሰው፣ መዋኘት ከጀመሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከፊሎቹን በቀጭን ቱቦ ስቦ፣ ከዚያው ገንዳ ውሃ ወደተሞላና የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ወዳለው ትንሽ ገንዳ ማዛወር ይችላል። ከወላጆቹ ጋር የቀሩት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው እናቲቱ ቀለሟ ተመልሶ ያሸበርቃል፣ ልጆቿንም ታባርራለች፤ ለሚቀጥለው ዙር እየተዘጋጀች ነው። በዚያ ጊዜ የሚዛወሩበት ገንዳ ወይም የሚረከባቸው ሰው ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። ቦታ ጠበበ ተብሎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ አይገባም፤ በአካባቢው ያልነበረ ዓሣ ከነበሩት ጋር ይሻማል፣ የያዘውንም በሽታ ያጋባል። የሚረከባቸው ሰው ገና ካልተገኘ ዋሻዎቹን ከገንዳው ማውጣትና ሙቀቱን ዝርያው በሚችለው መጠን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ዝቅ ማድረግ የሚቀጥለውን ዙር ብዙ ጊዜ ያዘገየዋል።